የየቲሞች ድርሻ ያለበት ሞተር



የመድረሳ አስተማሪ ስለ መኪና ሞተር ምን ያውቃል ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ላፍቶ ውስጥ ልጆችን ቁርኣን በማስቀራት ነው። ነገር ግን አባታችን በ1995 ዓ.ም. የገዛው አይሱዙ ኤን.ፒ.አር የጭነት መኪና እርሱ ሲሞት የሦስታችን ወንድማማቾች ሆነ፤ እናታችን አስቀድማ አልፋ ነበር። ቆይቶም መካከለኛው ወንድማችን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሚስቱን፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ ወደ አኼራ ሄደ። የመኪናው ሲሶ በዚህ መንገድ የባለቤቱና የየቲሞቹ ሆነ። አደራው ደግሞ በእኔ ትከሻ ላይ ወደቀ።

ባለፈው ዓመት ሞተሩ ደከመ። ዘይት ይበላል፣ ይጨሳል፣ ጠዋት አልነሳም ይላል። መኪናውን የሚነዳው ታናሽ ወንድማችን ከደሴ ሲመለስ እንዲህ አለኝ፦

«ወንድም ጋሼ፣ ከተለወጠ አይቀር የኤፍ.ኤስ.አር ሞተር እናስገባበት። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስወጣ ያላለፈኝ መኪና የለም። ሰለቸኝ።»

ነገሩ ለእኔም ጣፈጠኝ። የእኛ ሞተር ፎር.ኤች.ኤፍ.ዋን የሚባለው፣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 4,334 ሲሲ ነው። እርሱ የተመኘው ሲክስ.ኤች.ኤች.ዋን ደግሞ ባለ 6 ሲሊንደር ሲሆን 8,226 ሲሲ ነው። እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው! ያን ሞተር የታጠቀ መኪና ዳገቱን ሲበላው፣ ሰውም «የኡስታዝ መኪና ነው» ሲል በዓይነ ሕሊናዬ ታየኝ። ነፍስ እንዲህ ናት።

ጎፋ አካባቢ ጋራዥ ያላቸውን አንድ አዛውንት መካኒክ ለማማከር ሄድን። ሰምተውን ሲያበቁ መኪናው ሥር አስገብተው አንድ በአንድ አሳዩን።

«ኡስታዝ፣ ሞተር ብቻውን አይገዛም» አሉኝ። «ይኼኛው ረጅም ነው፤ ካቢናው ሥር አልበቃ ብሎ ወደ ኋላ ይገፋል። ስለዚህ የሞተር መቀመጫው ይሠራል፣ ትራስሚሲዮኑ ያጥራል። ይኼ ካምቢዮና ፍሪሲዮን ጉልበቱን ስለማይችሉት አብረው ይለወጣሉ። ራዲያተሩም አይበቃውም። የፊቱ ባሌስትራ ደግሞ ያልተሠራበትን ክብደት ሊሸከም ነው። ይህን ሁሉ ስትደምሩ የሞተሩ ዋጋ ትንሹ ወጪ ይሆንባችኋል።»

ወንድሜ አልተረታም። «አባቴ፣ ትልቅ ሞተር እኮ ቁልቁለት ላይም ይይዛል» አላቸው።

«እውነትህን ነው፣ ይይዛል» አሉት። «ግን ጉልበት ያለው ሞተር ይዘህ ልኩን ብቻ ትጭናለህ? ዳገቱ ሲቀልህ ኩንታል ትጨምራለህ። ሻንሲው፣ አክሱና ፍሬኑ ግን ያው የኤን.ፒ.አር ናቸው። ዳገት ላይ የደከመ መኪና ቢቆም ነው፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ የከዳው ግን ሰው ይዞ ይሄዳል።»

ከዚያ ሌላ አማራጭ ነገሩን። ፎር.ኤች.ጂ.ዋን የሚባለው ሞተር የእኛው ሞተር ወንድም ነው። የፒስተኑ ምት እኩል 110 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት ግን ከ112 ወደ 115 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሏል። በዚህች 3 ሚሊ ሜትር ሞተሩ 4,570 ሲሲ ይሆናል፤ ሌላውን ሁሉ መቀየርም አያስፈልግም።

ያን ምሽት ነገሩን ለወንድሜ ባለቤት ነገርኳት። ስለ መኪና አታውቅም። ዝም ብላ ካዳመጠችኝ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ኡስታዝ፣ ሞተሩ ሲያድግ የሚያድገው የልጆቹ ድርሻ ነው ወይስ ዕዳቸው?»

መልስ አልነበረኝም። በየቲም ገንዘብ ላይ የመጣውን የሱረቱ ኒሳእ ማስጠንቀቂያ ለስንት ተማሪ አስተምሬያለሁ፤ በራሴ ቤት ግን «የኡስታዝ መኪና» መባልን በየቲሞች ገንዘብ ልገዛ ነበር። ገንዘባቸውን አልበላሁም፤ ለስሜ ሳውለው ግን ከመብላት በምን ይለያል? አስተግፊሩላህ።

ትንሹን ሞተር መረጥን። ሶማሌ ተራ ስንሄድ መካኒኩ አብረውን ነበሩ። ሞቆ የጠበቀንን ሞተር አልቀበልም አሉ፤ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ በፊታቸው አስነሡት። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው የሚተነፍሰውን ጭስ አዩ፤ ዘይቱ ውስጥ ውኃ እንዳይኖር መረመሩ። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ ስለሚጻፍ እንዳልተፋቀ፣ ሰነዱም ትክክል መሆኑን አረጋገጡ። በተረፈው ገንዘብ የአራቱንም ጎማ የፍሬን ሸራ አስለወጥን፤ ባሌስትራውንም አስጠገንን።

ወንድሜ ለጥቂት ቀናት አኩርፎኝ ነበር። ከመጀመሪያው የደሴ ጉዞ ሲመለስ «እንዴት ነው?» አልኩት።

«ጣርማ በር ላይ ዛሬም ያልፉኛል» አለ። ትንሽ ቆይቶም «ስወርድ ግን ልቤ ዕረፍት አገኘ» አለኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ሱረቱ ረሕማንን ሳስቀራ ሚዛን የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ድሮ የማስበው የነጋዴን ሚዛን ብቻ ነበር። አሁን ጎፋ ጋራዥ ውስጥ መኪና ሥር ያየሁት ይታወሰኛል። ሰው ቤት ሲሠራ፣ ልጁን ሲድር፣ ንግዱን ሲያሰፋ የሚጎትትለትን ጉልበት ይቆጥራል፤ የሚሸከመውንና የሚያቆመውን ግን ይረሳል። ከእናንተም መካከል በእጁ የየቲም ወይም የሸሪክ ገንዘብ ያለ ሰው ካለ፣ ከመወሰኑ በፊት የገንዘቡን ባለቤቶች ይጠይቅ። መኪና የማያውቅ ሰው እንኳ ትክክለኛውን ጥያቄ ሊጠይቅ ይችላል።

አላህ አደራችንን የምንወጣ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።