ዘበኞቹ የዘገዩባቸው ቀኖች

የሊምፍ ካንሰር የያዘው አንድ ጐልማሳ በሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፥ እናቱ በየማለዳው እየመጡ ከአልጋው ራቅ ብለው ይቀመጡ ነበር። እጃቸውን ታጥበው አፋቸውንም ሸፍነው፥ ልጃቸውን በዐይናቸው ብቻ ይስሙታል።

በከፍተኛ መጠን የተሰጠው ኬሞቴራፒ ፈጥኖ የሚባዛውን ሴል ሁሉ የሚመታ ነውና፥ ከካንሰሩ ጋር ደም የሚፈልቅበትን የአጥንት መቅኔ አብሮ አደረቀው። ሐኪሞቹ ደም የሚወልዱትን ሴሎች አስቀድመው ከራሱ ደም ለይተው በብርድ አቈይተው ስለ ነበር፥ ከመድኃኒቱ በኋላ በደም ሥሩ መለሱለት። ነገር ግን የተዘራ ዘር ወዲያው አይበቅልም። ጤነኛ መቅኔ ተዋሲያንን የሚዋጉትን፥ ኒውትሮፊል የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች በየቀኑ 100 ቢሊዮን ያህል ያወጣል፤ የእርሱ ግን ዝም ብሎ ነበር። በእነዚያ ቀኖች ሰውነቱ ዘበኛ እንዳጣ ቤት ሆነ፤ ለሌላው ሰው ቀላል የሆነው ትኵሳት ለእርሱ የሞት አደጋ ነበር።

ስለዚህ ፊልግራስቲም የሚባለውን መድኃኒት በየቀኑ ከቆዳው በታች ይወጉት ጀመር። የዚህ መድኃኒት ታሪክ ከኢየሩሳሌም ብዙ ከማትርቀው ከረሖቦት ይነሣል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1965 ዓ.ም. ዶቭ ፕሉዝኒክና ሊዮ ሳክስ በቫይዝማን ኢንስቲትዩት፥ በ1966 ዓ.ም. ደግሞ ሬይ ብራድሊና ዶናልድ ሜትካፍ በአውስትራሊያ በሜልበርን፥ መቅኔን የመሰለ የደም ምንጭ ሴሎቹን የሚያበዛው ከሌሎች ሴሎች የሚወጣ ቅመም ሲደርሰው መሆኑን ለየብቻቸው አሳዩ። ቅመሙ እጅግ ጥቂት ነበርና አጥርቶ ለመለየት ብዙ ዓመታት ፈጀ፤ ፊልግራስቲም በአሜሪካ የተፈቀደው በ1991 ዓ.ም. ነው።

ይህ ቅመም ሰውነት ራሱ የሚያውቀው መልእክት ነው እንጂ ደም አይደለም። መቅኔውን ቀስቅሶ የመጠበቂያውን ጊዜ በጥቂት ቀኖች ያሳጥራል፤ ቀይ ደምንና ደም የሚያረጋውን ፕላትሌት ግን አይተካም። እነዚህን ጐልማሳው ከማያውቃቸው ሰዎች ልግስና ተቀበለ።

በዐሥረኛው ቀን ወገቡንና ጭኑን ብርቱ ሕመም ያዘው። እናቱ ደንግጠው፥ «ምን ሆንህ ልጄ?» አሉት።

«አጥንቴን ነው፥ እማዬ።»

ነርሷም መርፌው መቅኔውን ሲያሠራው እንዲህ ያለ ሕመም የተለመደ መሆኑን አስረዳቻቸው። ከዚያ በኋላ፥ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ የኒውትሮፊሉ ቍጥር ሦስት ቀን በተከታታይ ከ500 በላይ በተገኘ ጊዜ፥ ሐኪሙ መቅኔው መመለሱን ነገራቸው። እናቲቱም አንዳች ቃል ሳይናገሩ ወንበራቸውን አንሥተው ወደ አልጋው አስጠጉ።