በጢስ ውስጥ ስለ ማየት

ቤት ሲቃጠል ብዙው ሰው የሚፈራው ነበልባሉን ነው፤ ነገር ግን በእሳት አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች ብዙዎቹን የሚገድላቸው ቃጠሎው ሳይሆን የሚተነፍሱት መርዘኛ ጢስ ነው። ጢስ ትንፋሽን ከማፈኑም በላይ ዓይንን ይጋርዳል፤ ሊያድን የገባውን ሰው እንኳ የገዛ እጁን እንዳያይ ያደርገዋል።

ይህን ነገር አጥብቄ እንዳስብበት ያደረገኝ፥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምትማር ልጄ ለሳይንስ ትምህርቷ የመረጠችው ሥራ ነው። መምህሯ ተማሪዎቹ ሁሉ ለሰው የሚጠቅም አንድ ብልሃት ሠርተው እንዲያቀርቡ ባዘዙ ጊዜ፥ እርሷ የእሳት አደጋ ተከላካዮች በጢስ ውስጥ የሚያዩበትን መንገድ ለማሳየት ወሰነች። እኔም ሥራው በምኞት ብቻ እንዳይቀር፥ አስቀድማ የነገሩን መሠረት እንድትመረምር መከርኋት።

መሠረቱም ይህ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1800 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ይኖር የነበረው የከዋክብት ተመራማሪ ዊልያም ኸርሸል የፀሐይን ብርሃን በመስተዋት ከፍሎ የየቀለሙን ሙቀት ሲለካ፥ ከቀዩ ቀለም ወዲያ፥ ዓይን ምንም በማያይበት ስፍራ፥ ሙቀቱ በርትቶ አገኘው። ይህ የማይታይ ጨረር ኢንፍራሬድ ይባላል። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን ሞገዱ ከአንድ ማይክሮን፥ ይኸውም ከሚሊሜትር አንድ ሺኛ፥ ያነሰ ነው፤ የጢስ ቅንጣቶችም አብዛኛዎቹ መጠናቸው ወደዚሁ የቀረበ ስለ ሆነ ብርሃኑን ይበትኑታል። ከሰው ገላ የሚወጣው የሙቀት ጨረር ግን ሞገዱ 10 ማይክሮን ያህል ስለ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ በመካከላቸው አልፎ ይሄዳል። የሙቀት ካሜራ የሚባለውም መሣሪያ ይህን ጨረር ተቀብሎ ለዓይን ወደሚታይ ሥዕል ይለውጠዋል።

ልጄ 64 ነጥብ ብቻ የምታሳይ አንዲት ትንሽ የሙቀት መቀበያ አገኘች። አንድ ካርቶን ወስዳ ፊቱን በመስተዋት ዘጋች፤ እናቷ ለቡና በምታጨሰው ዕጣን ጢስ ከሞላችው በኋላም ማጨሻውን አውጥታ ትኩስ ሻይ ያለበት ኩባያ አስገባች። መቀበያዋ ግን ምንም አላሳየችም። ልጅቱም ብታዝንም አልተወችውም፤ ምክንያቱን ስትፈልግ ከርማ፥ ለዓይን ግልጥ የሆነው መስተዋት ለሙቀት ጨረር እንደ ግድግዳ መሆኑን ተረዳች። በመስተዋቱ ፈንታ ስስ ጥቁር ፌስታል ብትወጥርበት፥ ዓይን የማያሳልፈው ፌስታል ጨረሩን አሳለፈና፥ ደብዛዛ ቢሆንም የኩባያው ምልክት ታየ። ከዚህም መሣሪያ ሁሉ የራሱ ዕውርነት እንዳለው ተማረች።

ስትመረምር ያገኘችውን አንድ ታሪክ ደግሞ በማታ አነበበችልን። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በታኅሣሥ ወር 1999 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በማሳቹሴትስ ግዛት ዉስተር በምትባል ከተማ፥ መስኮት የሌለው ማለት በሚቻል በአንድ የተተወ የማቀዝቀዣ መጋዘን እሳት ተነሣ። መነሻው በውስጡ ተጠግተው ይኖሩ የነበሩ ሁለት ድኾች የጣሉት ሻማ ነበር፤ እነርሱም ለማንም ሳይናገሩ ወጥተው ሄደዋል። የእሳት ተከላካዮቹ ግን ሰው በውስጥ አለ ብለው ገቡ። ሁለቱ በጢሱ ውስጥ መንገድ ጠፋባቸው፤ እነርሱን ሊፈልጉ ከገቡት ደግሞ አራቱ ሳይመለሱ ቀሩ። በመጨረሻም አዛዡ በደጁ ቆሞ ሌላ ሰው እንዳይገባ ከለከለ። ከዚያ በኋላ በዚያው ከተማ ያለው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህራንና ተማሪዎች፥ ተከላካዩ በሕንፃ ውስጥ የት እንዳለ የሚያመለክት መሣሪያ ለመሥራት ብዙ ዓመት ደክመዋል።

ልጄ አንብባ ስትጨርስ ጥቂት ዝም ብላ፥ «አባባ፥ አንድ ሰው ‹ወጥተናል› ብሎ ቢናገርኮ ስድስቱም ባልገቡ ነበር» አለች። እኔም ከዚህ የሚበልጥ መልስ አላገኘሁም። እነዚያ ጀግኖች የሞቱት በዚያ የሌለውን ሰው ሲፈልጉ ነውና።

አንባቢ ሆይ፥ የሙቀት ካሜራ ለተከላካዩ የሚያስፈልግ ዕቃ ነው፤ ልጆቻችንም እንዲህ ያለውን ብልሃት ሲሞክሩ ልንደግፋቸው ይገባል። ነገር ግን ከመሣሪያው አስቀድሞ በጢስ ውስጥ የሚያሳይ የቤተ ሰብ ቃል ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፥ መብራት ሲጠፋ የምናበራውን ሻማ ከመጋረጃና ከሕፃናት እጅ እናርቅ። ጢስ ወደ ላይ ስለሚወጣ፥ ልጆቻችን በአደጋ ጊዜ ጎንበስ ብለው በወለሉ አጠገብ እየዳኹ እንዲወጡ፥ የወጡበትንም በር እንዲዘጉ እናስተምራቸው። ከደጅ ውጭ ሁሉም የሚሰበሰብበት አንድ ስፍራ እንወስን፤ በዚያም ተቈጥረን ለዕቃ ብሎ የሚመለስ አይኑር። በአዲስ አበባ የምንኖር በ939 ስልክ እንደውል፤ ተከላካዮቹም ሲደርሱ ማን እንደ ወጣ፥ ማን በየትኛው ክፍል እንደ ቀረ በእውነት እንንገራቸው። «ሁላችንም ወጥተናል» የሚለው አጭር ቃል፥ የሌላውን ቤት አባት ወደ ልጆቹ በደኅና ይመልሰዋል።