ማታ ማታ የሚነቀለው ሽቦ

አባቴ ማታ ቮልሷን ካቆመ በኋላ ወዲያው ወደ ቤት አይገባም ነበር። ወደ ኋላ ዞሮ የሞተሩን ኮፈን ይከፍታል፤ ጎንበስ ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ ይዘጋና እጁን በመሐረብ እየጠረገ ይመጣል። ጠዋትም ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ወርዶ ያንኑ ይደግማል። እኛ ልጆቹ «ደህና እደሪ ሊላት ነው» እያልን እንስቅ ነበር። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ግን ሌባ እንዳያስነሣት አንዳች ነገር የሚነቅል ይመስላቸው ነበር አሉ። ከእኛ ይልቅ እነርሱ ለእውነቱ ቀርበው ኖረዋል።

ባለፈው ዓመት አባቴ ዐረፈና መኪናዋ ለእኔ ደረሰች። በ1965 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ ባለ ስድስት ቮልት ናት። በእኔ እጅ ግን እምቢ አለች። ማታ ደህና የገባችው ጠዋት ባትሪዋ ደርቆ ይገኛል። አዲስ ባትሪ ገዛሁ፤ እርሱም ሁለት ሌሊት አልቆየም። አንድ እሑድ ኮፈኑን ከፍቼ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ መከተል ጀመርሁ።

በካርቡራተሯ ጎን አንዲት ክብ ነገር አለች፤ ቾክ ናት። በውስጧ ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ የተጠቀለለ ስፕሪንግ ተቀምጧል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይህ ስፕሪንግ የአየር መግቢያውን ክዳን ይዘጋል፤ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበረታል፤ ሞተሩም በብርድ ይነሣል። ከዚያ ኤሌክትሪክ ስፕሪንጉን ቀስ በቀስ ያሞቀዋል፤ ክዳኑም በደቂቃዎች ውስጥ ይከፈታል። ሳይከፈት ከቀረ ካንዴላዎቹ በቤንዚን ይርሳሉ፤ ጥቁር ጭስ ይወጣል። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ደግሞ አየሩ ራሱ ስስ ስለሆነ ጭሱ ይብሳል።

ይህን የሚያሞቀው ሽቦ መነሣት ያለበት ከቦቢናው፣ 15 ቁጥር ከተጻፈበት ጫፍ ነው። ያ ጫፍ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ቁልፉ ሲከፈት ብቻ ነው። (ቁልፉን ከፍቶ፣ ሞተሩን ሳያስነሣ ወሬ የሚያወራ ሰውም ቾኩን በከንቱ ያሞቀዋል።) የእኛው ሽቦ ግን ወደ ቦቢናው አልሄደም። በዲናሞው ላይ ወደ ተቀመጠው ሬጉሌተር ሄዶ፣ ከባትሪው ጋር ሁልጊዜ ከተገናኘው ጫፍ ላይ ታስሯል። ሌሊቱን ሙሉ ስፕሪንጉን ሲያሞቅ፣ ባትሪውን ሲጠጣ ያድራል ማለት ነው።

ሽቦውን ዐወቅሁት። ከአሮጌ ሬዲዮ ላይ የቆረጥሁት ቡናማ ሽቦ ነው። በ1989 ዓ.ም. የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ የቀድሞው ተቃጥሎ «እኔ እሠራዋለሁ» ብዬ ያሰርሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን አባቴ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ነው የሠራት» ሲል እንደ ዋለ አስታውሳለሁ።

ከቾኩ አጠገብ፣ በሽቦው ጫፍ ላይ፣ ከብስክሌት ጎማ የተቆረጠች ላስቲክ በክር ታስራ ተንጠልጥላለች። የተነቀለው ጫፍ ብረት ነክቶ እሳት እንዳይፈጥር የሚሸፈንባት ናት። ከብዛት ንክኪ የተነሣ ለስልሳለች።

እናቴን ጠየቅኋት። እንደ ተራ ነገር ነገረችኝ። ሽቦውን ባሰርሁ በሳምንቱ ባትሪው ደርቆ አባቴ ሁለት ቀን በእግሩ ሄዷል። መካኒኩ አይቶ «ጋሼ፣ ይህማ የተሳሳተ ነው፤ አሁን ላስተካክልልዎ» ሲለው «ተወው፤ ያለበት ይቆይ። መንቀሉን እኔ እነቅለዋለሁ» አለው።

«ለምን አልነገረኝም?»

«ያን ጊዜ ፈተና ወድቀህ ተኝተህ የምትውልበት ጊዜ አልነበረም እንዴ?» አለች፤ ምስሯን መልቀሟንም ቀጠለች።

እውነት ነው፤ ወድቄ ነበር። በዚያ ዓመት በእጄ የያዝሁት ነገር ሁሉ የተበላሸ ይመስለኝ ነበር፤ ከዚያች ሽቦ በቀር። ግን ያ ዓመት አለፈ፤ ተምሬ ሥራ ያዝሁ፤ ልጆች ወለድሁ። ከዚያ በኋላ እንኳ ስቆ ሊነግረኝ ይችል ነበር። ይህን ዛሬም አልተረዳሁትም፤ ጥቂትም ቅር ይለኛል።

ሽቦውን ከሬጉሌተሩ ፈትቼ ከቦቢናው 15 ቁጥር ላይ አሰርሁት። ዐሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ላስቲኳን አልቆረጥኋትም፤ እንደ ተንጠለጠለች ናት።

በዚያው ማታ መኪናዋን አቁሜ ስገባ እናቴ ከጓዳ ሆና ድምፄን ሰማች።

«ነቀልኸው?» አለችኝ።

«አዎ፣ ነቅዬዋለሁ» አልኋት።