ድምፁን ወድደን ፊቱን ስናይ

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ስለ አንድ ዓለማዊ ዘፋኝ በዚህ መጽሔት መጻፌ ቅር የሚላችሁ ትኖራላችሁ። ታገሡኝ፤ የራሴን ጥፋት ለመናገር እርሱ ያስፈልገኛል።

ቻርሊ ፕራይድ እ.ኤ.አ. በ1934 በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት፣ ስሌጅ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ በሰው መሬት ላይ ጥጥ የሚያመርት ድኻ ጥቁር ቤተሰብ ነበር፤ ልጆቹ 11 ናቸው። አባቱ ቅዳሜ ማታ ሬዲዮ ከፍቶ ካንትሪ የሚባለውን የገጠር ሙዚቃ ያዳምጣል፤ ልጁም ያንኑ ዜማ ይዞ አደገ። ካንትሪ ግን የነጮች ነው ይባል ነበር። (የሚገርመው፣ በካንትሪ ውስጥ ስሙ የገነነው ባንጆ የተባለ መሣሪያ በባርነት ከተጋዙ አፍሪካውያን የመጣ ነው።)

ጎልማሳ ሲሆን በሞንታና ግዛት በማዕድን ማቅለጫ ፋብሪካ እየሠራ ጎን ለጎን ይዘፍን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 የመጀመሪያ ሸክላው ሲወጣ ለሬዲዮ ጣቢያዎች የተላከው ያለ ፎቶግራፍ ነው። ሕዝቡ ድምፁን ወደደ። በዲትሮይት አንድ ትልቅ መድረክ ላይ ስሙ ሲጠራ ጭብጨባው ቀለጠ፤ ብቅ ሲል ግን እየሳሳ ሄደና ጸጥ አለ። እርሱም ስለ ቆዳው ቀለም ቀልዶ መዝፈን ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1971 የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱ ምርጥ አድርጎ ሸለመው። በዚያው ዓመት ያወጣው የመዝሙር አልበምም ግራሚ አግኝቷል።

እኔን የያዘኝ ግን ያ ጸጥታ ነው። እዚህ ለሚ አይቼዋለሁና።

የሲሚንቶ ፋብሪካው ከመጣ ወዲህ ከየክልሉ ለሥራ የሚመጣ ወጣት በዝቷል። ከደቡብ የመጣ አንድ ወንድምም ኅብረታችንን ተቀላቀለ። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በጨለማ ስንጸልይ ከኋላ አንድ ሰው መዝሙር አነሣ። ሁላችን ተከተልነው፤ ያለቀሱም ነበሩ። መብራት ሲመጣ ዘወር ብለን አየነው፤ እርሱ ነው። ማንም ምንም አላለም።

ቆይቶ አምልኮ ይምራ የሚል ሐሳብ ሲነሣ፣ "ጸጋው አለው፤ አማርኛው ግን መድረክ ላይ ያስቃል" ተባለ። እውነት ነው፣ ሲያወራ "አንተ" እና "አንቺ" ይቀላቀሉበታል። ሲዘምር ግን አንድም ቀን ስቶ አያውቅም። አስተማሪያቸው እኔ ነኝ፤ ዝም አልኩ። አምስት ወር ሙሉ የኋላ መስመር ላይ ቆመ። ሳሙኤል በእሴይ ቤት የመጨረሻውን ልጅ እንዴት እንደ ቀባ ያስተማርኩት በዚያው ሰሞን ነው፤ ማስታወሻዬ አሁንም ደብተሬ ውስጥ አለ።

ባለፈው ሳምንት ልምምድ ላይ ማይኩን ሰጠሁት። "መምህር፣ ቃል ብስትስ?" አለኝ። ይቅርታ መጠየቅ ሲገባኝ፣ "እናርመዋለን" ብቻ አልኩት። ይቅርታው ገና ነው።