የድብ ከረሜላ



ባለፈው ነሐሴ እህቴ ከጀርመን ስትመጣ ለልጆች ብላ ግማሽ ሻንጣ ጣፋጭ ይዛ መጣች። ልጄ ከሁሉም የወደደችው ያ ትንንሽ ድብ የሚመስለውን፣ ሲያኝኩት እንደ ላስቲክ የሚሳበውን ከረሜላ ነው። እኔው ራሴ እፍኝ ዘግኜ "ለጎረቤት ልጆችም ስጪ" ብዬ ላክኋት።

ከረጢቱን ገልብጬ ያየሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ጀርመንኛ አልችልም፤ "ጌላቲን" የሚለው ግን በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው። ከምን እንስሳ እንደሆነ አይልም። እህቴን ብጠይቃት "ኧረ ከረሜላ እኮ ነው!" አለችኝ። ስልኬን ከፍቼ ሳነብ ጌላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ነው የሚሠራው፤ አውሮፓ ውስጥ ደግሞ አብዛኛው ከአሳማ ቆዳ። ክው አልኩ።

ኡስታዛችን ዘንድ ደወልኩ። ሳታውቁ ለበላችሁት ወንጀል የለባችሁም፣ ካወቃችሁ በኋላ ግን ተዉት አለኝ። ነገሩ ክርክር አለበት ለካ። የወይን ጠጅ በራሱ ኮምጣጤ ሲሆን ሐላል እንደሚሆነው ሁሉ፣ ነጃሳ ነገርም ባሕርዩ ፈጽሞ ከተለወጠ ፍርዱም ይለወጣል የሚሉ ዑለማዎች አሉ፤ "ኢስቲሐላ" ይሉታል። ታዲያ ቆዳው በአሲድ ተነክሮ፣ ተቀቅሎ ጌላቲን ሲሆን በእርግጥ ሌላ ነገር ሆነ ወይስ ያው አሳማ ነው? ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1986 እ.ኤ.አ. አማን ላይ ተሰብስቦ ከአሳማ የወጣ ጌላቲን በምግብ ውስጥ አይፈቀድም ብሏል። እኔም በዚህ ሄድኩ። ለከረሜላ ብዬ ሹብሃ ውስጥ ምን አስገባኝ?

የከበደኝ ሌላው ነው። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። የጎረቤታችን ልጆች ትንሿ ሳትቀር ጾመኞች ናቸው። ጌላቲን ለእነሱም ፍስክ ነው፤ አሳማ ደግሞ እነሱም አይበሉም። ዝም ብል ማን ያውቃል? ሁለት ሌሊት ስገላበጥ አደርኩ። በመጨረሻ ቡና ላይ ለእናትየው ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ "አይ አንቺ! እኔም እኮ ሁለት ቀምሻለሁ" ብላ ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ ግን "ሌላ ጊዜ አይተሽ ላኪልን እንጂ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ሠርግ ሲኖራት ለእኛ ለብቻ የምታሳርድ፣ ድስቱን እንኳ ከእኛ ቤት የምትዋስ ሴት እኮ ናት! በሥጋው ይህን ያህል ዘመን ተጠባብቀን በከረሜላ ተሸወድን።

አሁን እህቴ ከቱርኮች ሱቅ የከብት ጌላቲን ያለበትን፣ ሐላል የሚል ማኅተም ያለውን ትልካለች። እሱ ለእኛ ይሆናል። ለጎረቤት ግን በጾም ወቅት እሱም አይሆንምና፣ ከፍራፍሬ በሚወጣው ፔክቲን የተሠራ እንድትፈልግ ነግሬያታለሁ።

ከመጀመሪያው የቀረውንስ? "አለቀ" ብያት ነበር። ቆሻሻ ውስጥ ነው ያለቀው። እህቴ፣ ይህን ስታነቢ ዐፉ በይኝ።