የወለሉ ሒሳብ

ሬክስዴል ውስጥ፣ ከአልቢዮን መንገድ ብዙም በማይርቅ አንድ ረጅም ሕንፃ፣ ባለፈው ጥር ወደ አሥራ አንደኛው ፎቅ አንድ ትልቅ ካርቶን ወጣ። የተሸከመው የቤቱ ታናሽ ልጅ ነው፤ የከፈለችው ደግሞ መሀል ከተማ በሒሳብ መርማሪነት የምትሠራው ታላቅ እኅቱ ናት። ስጦታው የተገዛላቸው እናት ዕድሜያቸው ስድሳ ሦስት ነው፤ ጉልበታቸውን ማመም ከጀመራቸው ሁለት ዓመት አልፏል። ካርቶኑን ዞረው አዩትና ዋጋውን ጠየቁ። ልጆቹ አልነገሯቸውም። ቢነግሯቸው በማግስቱ «መልሱልኝ» እንደሚሉ ያውቃሉ።

ዋጋው 1,700 የካናዳ ዶላር ነበር፤ ከ13 በመቶው የሽያጭ ግብር ጋር 1,921። ውስጡ ያለው ወለል የሚጠርግና የሚወለውል ሮቦት ነው።

ሬክስዴል ስሟን ያገኘችው በ1950ዎቹ አካባቢውን ካለማው ሬክስ ሄስሎፕ ነው። ዛሬ የሶማሌው፣ የሕንዱ፣ የካሪቢያኑና የእኛም ሰው አብሮ የሚኖርባት ናት። ፒርሰን አውሮፕላን ማረፊያ ቅርብ በመሆኑ፣ በመጋዘኖቹ፣ በሆቴሎቹና በቢሮዎቹ በሌሊት የሚሠራው ሰው ብዙ ነው። እኚህ እናትም ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት በአውሮፕላን ማረፊያው አቅራቢያ አንድ የቢሮ ሕንፃ በሌሊት ሲያጸዱ ኖረዋል። ስለዚህ በወለል ጉዳይ ተራ ተጠቃሚ አይደሉም። ልጆቹ ይህን ያሰቡበት አይመስልም።

ገበያው ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደደረሰ ማየት ይጠቅማል። የስዊድኑ ኤሌክትሮሉክስ ትሪሎባይት የተባለውን ጠራጊ በ2001 ለሽያጭ አቀረበ፤ የአሜሪካው አይሮቦት በቀጣዩ ዓመት ሩምባን አወጣ። የመጀመሪያዎቹ ሩምባዎች ክፍሉን አያውቁትም ነበር፤ ግድግዳ ሲገጫቸው ይዞራሉ፣ እንደገና ይገጫሉ፣ ብዙ ከዞሩ በኋላ አብዛኛው ወለል ይደረስበታል። የዛሬዎቹ ላይዳር በተባለ የጨረር መለኪያ ቤቱን ይስላሉ፤ በካሜራ ካልሲና ሽቦ ለይተው ይሸሻሉ፤ ወደ ማረፊያቸው ተመልሰው አቧራውን ወደ ከረጢት ያራግፋሉ፤ መወልወያቸውን በሙቅ ውኃ አጥበው በሙቅ አየር ያደርቃሉ። ይህ ሁሉ ተግባር ያለው ማሽን ነው እንግዲህ ውድ የሚባለው።

ሻጮቹ በትልቁ የሚጽፉት ቁጥር ፓስካል ነው፤ የመሳብ ኃይል መሆኑ ነው። ይህን ቁጥር አምኖ መግዛት የአንድን ሀገር ዕድገት በካፒታል ከተማው ፎቅ ቁመት እንደ መለካት ነው። ፓስካል የሚለካው አየሩ ሲታፈን የሚፈጠረውን የግፊት ልዩነት ነው። ቆሻሻን የሚያነሣው ግን በትክክል የሚያልፈው የአየር መጠን፣ ብሩሹ ከወለሉ ጋር ያለው ንክኪና አፉ ምን ያህል ወደ መሬት እንደሚቀርብ ነው። በጠፍጣፋ የእንጨት ወለል ላይ በ8,000 እና በ18,000 ፓስካል መካከል ያለውን ልዩነት ዓይን አይለየውም። እውነተኛው ልዩነት ያለው መወልወያው ላይ ነው።

የመጀመሪያው ማሽን ሁለት ክብ ጨርቆቹን እያሽከረከረ የሚወለውል ነበር። እናትየዋ ለሦስት ቀን ዝም ብለው ተመለከቱት። በአራተኛው ቀን ነጭ ካልሲ አጥልቀው ከወጥ ቤት እስከ መኝታ ቤት ተራመዱና እግራቸውን አንሥተው አሳዩ። ዳሩን በርበሬ የነካው ዘይት አቅልቶታል። ማሽኑ ምድጃው ሥር የፈሰሰውን የቁሌት ዘይት ጨርቁ ላይ ይዞ፣ ለመታጠብ ወደ ማረፊያው እስኪመለስ ድረስ፣ በስሱ ኮሪደሩን ሁሉ ቀብቶታል።

«ይኼ እኮ ማጽዳት አይደለም፤ ቆሻሻውን እኩል ማከፋፈል ነው» አሉ።

ማሽኑ በመመለሻው ቀነ ገደብ ውስጥ ተመለሰ። ተቀራራቢ ዋጋ ያለው ሁለተኛው ባለ ጥቅል ነው። መወልወያው እንደ መዳመጫ ይሽከረከራል፤ ንጹሕ ውኃ ከላይ ይረጨዋል፣ ጠፍጣፋ ፍቀያ ቆሻሻውን ይጨምቅና ወደ ሌላ ማጠራቀሚያ ይልከዋል። ማለትም ጨርቁ ወለሉን የሚነካው በየዙሩ ታጥቦ ነው። ነጭ ካልሲው ወጥ ቤት ላይ አለፈ። ማዕዘን ላይ ግን ወደቀ፤ ጥቅሉ ወደ ጎን ብቅ ቢልም የማዕዘኑን ጫፍ አይደርስበትም። «ማዕዘን የማያጸዳ ሰው ቢሆን በሁለተኛው ሌሊት ይባረር ነበር» ሲሉ ልጅቱ ሳቀች፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

የሐበሻ ቤት የራሱ ፈተና አለው፤ በየትኛውም የፋብሪካ መመሪያ ላይ አይገኝም። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ጠረጴዛው ሥር የጤፍ ዱቄት ይበናል። ማሽኑ በአንድ ጊዜ እንዲጠርግና እንዲወለውል ከታዘዘ ዱቄቱን አርሶ ሊጥ ያደርገዋል፤ ሊጡም ብሩሹ ላይ ይደርቃል። መፍትሔው መጀመሪያ ጠርጎ ቀጥሎ እንዲወለውል ማዘዝ ነው፤ ጊዜው እጥፍ ይሆናል። ፈንዲሻን ማሽኑ እንደ ጠላት አይቆጥረውም፤ ገፍቶ ሶፋ ሥር ይከተዋል። የቡናው ቄጠማ ደግሞ ቶሮንቶ ውስጥ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው፤ ማሽኑም ምንጣፍ ነው ብሎ መወልወያውን አንሥቶ ያልፈዋል። በዚህ ረገድ፣ ሳያውቅ፣ ከብዙ እንግዳ የተሻለ አክብሮት አሳይቷል ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አምስት ዓመት ያገለግላል እንበል፤ ለከረጢት፣ ለማጣሪያ፣ ለጥቅልና ለሳሙና በዓመት 150 ዶላር ይውጣለት። ጠቅላላው 2,671 ዶላር፣ በዓመት 534 ገደማ ይሆናል። በኦክቶበር 2025 የኦንታሪዮ ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ 17.60 ዶላር ሆነ። ስለዚህ ማሽኑ ዋጋውን የሚመልሰው በዓመት 30 ሰዓት፣ በሳምንት 35 ደቂቃ ያህል ከቆጠበ ነው። ለዚህ ነው ውድ ቢባልም በቶሮንቶ ኪሳራ የማይሆነው።

ልጅቱ በሙያዋ የቁጥር ሰው ናትና ደብተር ያዘች። ከማሽኑ በፊት፣ የእናቷ ጉልበት ከታመመ ወዲህ፣ ወለሉን የሚያጸዱት ልጆቹ ነበሩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ሁለት ሰዓት፣ ወንድሟ ምንጣፍ ለማራገፍ ግማሽ ሰዓት። ከማሽኑ በኋላ በሳምንት አራት ጊዜ በቀን ይሠራል፤ ልጆቹ ሥራ ላይ ናቸው። ወንበር የሚያነሡት፣ የምንጣፉን ጫፍ የሚያጥፉት፣ ረከቦቱን ከመንገድ የሚያወጡት፣ ቆሻሻ ውኃውን የሚደፉትና ከብሩሹ ፀጉር የሚመዙት እናትየዋ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ዙር ሃያ ደቂቃ። የልጅቱ ድርሻ አሥር ደቂቃ ሆነ፤ የወንድሟ ዜሮ።

ሲደመር የቤቱ የወለል ሥራ ከ150 ደቂቃ ወደ 90 ወርዷል። በሳምንት አንድ ሙሉ ሰዓት ተቆጥቧል፤ በዝቅተኛው ደመወዝ በዓመት 915 ዶላር። አዋጭ ነው። ነገር ግን ድምሩን ትቶ ዓምዶቹን ላየ ሰው፣ ስጦታው የተገዛላቸው ሴት ሥራ ከዜሮ ወደ 80 ደቂቃ አድጓል፤ ያውም ማጎንበስ ያለበት ሥራ። የልጆቹ ትርፍ ከእናታቸው ጉልበት የተከፈለ ነው።

አሜሪካዊቷ የታሪክ ምሁር ሩት ሽዋርትዝ ካወን በ1983 ባሳተሙት፣ ርእሱ «ተጨማሪ ሥራ ለእናት» ተብሎ ሊተረጎም በሚችል መጽሐፍ ያሳዩት ይህንኑ ነው። የብረት ምድጃ ሲመጣ የተረፈው በዋናነት ወንዱ የሚፈልጠው እንጨት ነው፤ ምንጣፍን ውጭ አውጥቶ መደብደብ የወንዶችና የልጆች ድርሻ የነበረ ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ መጥረጊያ ሲመጣ ሥራው ሙሉ በሙሉ ወደ ሴቲቱ ዞረ። ማሽኑ ሥራውን አቀለለው፤ የሚሠራውን ሰው ቁጥር ደግሞ ወደ አንድ አወረደው። በማኒቶባ የተወለዱት ማርጋሬት ሪድ ቀደም ብለው፣ በ1934፣ የቤት ውስጥ ምርት ምን እንደሆነ ለመለየት ቀላል መስፈርት አስቀምጠው ነበር፤ ለሌላ ሰው ከፍሎ ማሠራት የሚቻል ከሆነ ሥራ ነው። በሬክስዴሏ ቤት መስፈርቱ ማስረጃ አያሻውም። አንዲት ሴት፣ በዚያው ሁለት እጅ፣ ሌሊት ስትወለውል በሀገር ምርት ውስጥ ትቆጠራለች፤ ቀን ስትወለውል አትቆጠርም።

ልጅቱ ደብተሩን ለእናቷ ያሳየችው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቡና ላይ ነው። «እማዬ፣ ይኼን ሁሉ የምታደርጊው ለምንድን ነው? እኛ ስንመጣ እናነሣዋለን» አለቻቸው።

እናትየዋ ሁለተኛውን ሲኒ ቀድተው እስኪጨርሱ አልመለሱም። ከዚያ ልጆቻቸው የማያውቁትን ነገሩ። በሚያጸዱት ሕንፃ ውስጥም ራሱን የሚነዳ የወለል ማጠቢያ ከገባ ዓመት ሆኖታል። እንዲህ ያሉት ትልልቅ ማሽኖች ለካናዳ እንግዳ አይደሉም፤ ከታወቁት አምራቾች አንዱ አቪድቦትስ እዚያው ኦንታሪዮ፣ ኪችነር ከተማ ነው ያለው። ማሽኑ ሲገባ ማንም አልተባረረም። በጡረታና በሌላም ምክንያት የለቀቁ ሦስት ሰዎች ግን አልተተኩም። የቀሩት የማሽኑን ውኃ ይሞላሉ፣ ቆሻሻውን ይደፋሉ፣ ሲቆም ያስነሡታል፣ ከሱ ኋላ ኋላ እየሄዱ ማዕዘን ያጸዳሉ። መጸዳጃ ቤቶቹም እንደ ድሮው የእነሱ ናቸው፤ በጥቂት ሰው።

«ሌሊት የማገለግላት አንሳ፣ ቀን ደግሞ ቤቴ ድረስ መጣች» አሉ። «እሷ ስትሠራ ቁጭ ብዬ ማየት አልለመድኩም።»

በቤቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም። የበጀት ሰው «የምርታማነት ዕድገት» የሚለው ነገር ምን እንደሚመስል ልጅቱ በሪፖርት ብዙ ጊዜ አይታዋለች፤ በእናቷ ጉልበት ላይ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። ሥራው የጠፋባቸው አይደሉም፤ ባሕርይው ነው የተለወጠባቸው፤ ደመወዛቸው ግን ባለበት ነው። የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ይህን የሚጽፍበት ዓምድ የለውም።

የማሽኖቹ ባለቤትነት ጉዳይም እግረ መንገድ ሊነሣ ይገባዋል። አማዞን አይሮቦትን በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት በኦገስት 2022 ተስማምቶ ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረት የውድድር ባለሥልጣናት ስላልተስማሙ በጃንዋሪ 2024 ተወው። አይሮቦት በዲሴምበር 2025 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ፣ ምርቱን ይሠራለት ለነበረው የቻይና ኩባንያ ፒሲያ ለመተላለፍ በቃ። ተቆጣጣሪዎቹ አማዞንን መቃወማቸው ትክክል ነበር ብሎ የሚከራከር ሰው፣ ገበያው ዛሬ በአመዛኙ በሮቦሮክ፣ በኢኮቫክስና በድሪሚ እጅ መሆኑንም አብሮ ማስረዳት ይጠበቅበታል። ካሜራ ያለው ማሽን ቤት ውስጥ መዞሩ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። በ2022 ኤምአይቲ ቴክኖሎጂ ሪቪው እንደዘገበው፣ በሙከራ ላይ የነበሩ ሩምባዎች ያነሷቸው ፎቶዎች፣ አንዲት ሴት መጸዳጃ ቤት ተቀምጣ የምትታይበት ጭምር፣ ምስል እንዲለዩ ከተቀጠሩ ሠራተኞች እጅ ወጥተው በማኅበራዊ መገናኛ ተለጥፈዋል። እናትየዋ ይህን ከልጃቸው ሲሰሙ ረጅም ማብራሪያ አልጠየቁም፤ የጸሎት ቦታቸው ያለበትን ክፍል በር ዘጉ። የማሽኑ ካርታ ላይ ያ ክፍል እስከ ዛሬ የለም።

መመለሻው ቀን ከማለፉ በፊት «ይመለስ ወይስ ይቅር?» የሚለው ተነሣ። የወሰኑት እናትየዋ ናቸው፤ ይቅር፣ ግን ቀን አይሠራም። ማሽኑ አሁን የሚነሣው ማክሰኞ ማታ፣ ሐሙስ ማታና ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጆቹ ቤት ሲሆኑ ብቻ ነው። ወንበርና ረከቦት የምታነሣው ልጅቱ ናት፤ ቆሻሻ ውኃ የሚደፋው ወንድሟ ነው። ማዕዘኑን እናትየዋ ማንም እንዲነካባቸው አይፈልጉም። በአዲሱ ድልድል የተቆጠበው ጊዜ ከሰዓቱ ወደ አርባ ደቂቃ ወርዷል፤ ከ35ቱ ደቂቃ በጥቂቱ ብቻ ይበልጣል። በሒሳቡ ሲታይ የከፋ ውጤት ነው፤ ልጅቱ ግን ይህንኛውን መርጣለች።

ባለፈው ቅዳሜ እናትየዋ አዲስ አበባ ላለችው ታናሽ እኅታቸው በቪዲዮ ደውለው ማሽኑን አሳዩ። እዚያ ቤት ሠራተኛ አለች፤ ከገጠር የመጣች ወጣት። በዚያ ከተማ ይህን ማሽን ለመግዛት አቅም ያለው ቤት እንኳ የማይገዛው የቴክኖሎጂ ፍቅር ስላነሰው አይደለም፤ ማሽኑ የሚተካው ሰዓት እጅግ ርካሽ ስለሆነ ነው። ርካሽ ያደረገውም ድህነት ብቻ አይደለም፤ ሕግም አለበት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የቤት ሠራተኛን ከሽፋኑ ውጭ አድርጎ፣ ጉዳዩን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሚያወጣው ደንብ ትቶታል።

ወጣቷ ከእመቤቷ ትከሻ ኋላ አንገቷን አስግጋ ማሽኑ ሶፋ ሥር ሲገባና ሲወጣ ለጥቂት ጊዜ ተመለከተች።

«እትዬ» አለች በመጨረሻ፣ «እሷንስ ማን ያጥባታል?»

እናትየዋ ሳቁና ስልኩን አዞሩላት። ታናሽ ልጃቸው የጥቁር ውኃውን ማጠራቀሚያ በሁለት እጁ ይዞ፣ እንዳይፈስበት እየተጠነቀቀ፣ ወደ መታጠቢያ ቤት እየሄደ ነበር።