የሃምስተሯ ሰባት ቤት

መገናኛ የሲኤምሲ ታክሲ ሰልፍ ረጅም ነው። ከፊቴ የቆመችው ልጅ ስልኳ ላይ ስለ ካናቢስ ታነባለች፤ እኔም ከትከሻዋ በላይ አብሬ አነባለሁ። ያዘችኝ።

«ጥናት ነው ጋሼ! የፋርማሲ ተማሪ ነኝ» አለች እየሳቀች። ሙከራው የተሠራው በቻይና ሃምስተር ሴል ነው ስትለኝ ያገሬ አመል ተነሣብኝ። የማን ዘር ናት?

ሃምስተር ጅራተ አጭር፣ አይጥ መሰል ፍጥረት ናት። በ1948 (የምቆጥረው በአውሮፓውያን ነው) የማኦ ጦር ድል ሊያደርግ ሲቃረብ፣ አንድ አሜሪካዊ ሐኪም ጥቂቶቹን በሣጥን ጭኖ ከቻይና አስወጣ። በ1957 ቴዎዶር ፐክ የተባለ ሳይንቲስት ዴንቨር ላይ ከአንዲት ሃምስተር እንቁልጢ ሴል ወስዶ በብልቃጥ አራባ። እሷ ከሞተች ስንት ዘመኗ፤ ሴሎቿ ግን እስከ ዛሬ ይባዛሉ።

ካናቢስ ወደ ሃምስተሯ ታሪክ የመጣው በ1990 ነው። ሊሳ ማትሱዳና ባልደረቦቿ በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ሌላ ነገር ሲፈልጉ ከአይጥ አንጎል አንድ የተቀባይ (ኬሚካላዊ መልእክት የሚቀበል የሴል ፕሮቲን) ጂን እጃቸው ገብቶ ነበር። የምን ተቀባይ? አልታወቀም። በሃምስተሯ ሴል ውስጥ ከትተው ብዙ ነገር ሞከሩበት። ካናቢስን አስካሪ የሚያደርገው ቲኤችሲ ሲጨመር ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለው የሴሉ መልእክተኛ መጠኑ ቀነሰ። ጂኑ ያልገባባቸው የሃምስተር ሴሎች ግን ንቅንቅ አላሉም፤ ለካ ተቀባዩ የካናቢስ ኖሯል። ጥቅሟም ይኸው ነው፦ ለሽምግልና ከጠቡ የሌለበት ሰው እንደሚመረጥ፣ እሷም የጠቀመችው ተቀባዩ ስለሌላት ነው። (ሁሉን በዘመድ ማስጨረስ ለለመድን ለእኛ ትንሽ ይከብዳል።)

በዚህ ሥራ የሰው ሴልም ያገለግላል። 293 የሚባለው በ1973 ላይደን፣ ኔዘርላንድስ ከፅንስ ኩላሊት የተገኘ ነው፤ ቁጥሩ የሙከራው ተራ ነው። እናቲቱ ማን እንደነበረች አይታወቅም። በዘር ቆጠራ ሃምስተሯ ትበልጠዋለች።

እኛስ? ጣና አካባቢ ካለ ዋሻ በቁፋሮ የወጡ የሸክላ ጋያ ራሶች ተመርምረው የካናቢስ ቅሪት ተገኘባቸው፤ ተመራማሪው ቫን ደር መርቨ በ1975 እንዳሳተመው ዕድሜያቸው 14ኛው መቶ ዘመን አካባቢ ይደርሳል። ዋሻው ላሊበላ ይባላል፤ ከተማው ግን አይደለም፤ እንዳትቆጡኝ።

ደግሞ ተቀባዩ ለቅጠሉ ተብሎ የተፈጠረ አይደለም። አጫሹም አጫሹን የሚያወግዘውም እኩል ተሸክመውታል፤ አንጎላችን ለተቀባዩ የሚሆን የራሱን ንጥረ ነገር ይሠራልና። አናንዳማይድ ይሉታል። መጀመሪያ ተለይቶ የወጣው በ1992 ከአሳማ አንጎል ነው፤ ያውም ኢየሩሳሌም ላይ።